ከማንኬቶ መማሪያ ክፍል እስከ ሴንት ፖል፦ ስለ ቲም ዎልዝ የተከፈተ የውይይት ክር

መነሻ ጽሑፍ፦ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄውን በጨዋ ቃል ነው ያቀረበው። ቲም ዎልዝ በደቡብ ሚኒሶታ፣ ማንኬቶ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። አንድም የምርጫ ሥልጣን ሳይዙ በ2006 ኮንግረስ ገቡ፤ በ2018 የሚኒሶታ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ (መቀመጫው ዋና ከተማዋ ሴንት ፖል ነው)፤ በ2022 ደገሙ። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቅና መልሱንም ራሱ ይሰነዝራል፦ ያበቃቸው መምህርነታቸው ነው፣ ያስተማሯቸው ልጆችና የልጆቹ ወላጆች ለማሸነፍ በቂ ነበሩ ባይ ነው። በሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ የእኛ ሰዎች፣ ሐበሾቹ፣ መምህራኑም ረዳት መምህራኑም፣ ይህንኑ መንገድ ለምን አይሞክሩትም ሲል ያክላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከግርጌ አስፍሯል፤ ተከታዮቹም በዚያው ቀጥለዋል።

1ኛ መልስ፦ አመስግኖ ይጀምርና ታሪኩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ዎልዝ በ1964 ኔብራስካ ተወለዱ፤ በ17 ዓመታቸው ብሔራዊ ዘብ (ተጠባባቂ ጦር) ገቡ፤ በ1989 ከቻድሮን ስቴት ኮሌጅ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ሆነው ተመረቁ። ቀጥለው ቻይና፣ ፎሻን ከተማ፣ ለአንድ ዓመት ያህል አስተማሩ። ተመልሰው በኔብራስካዋ አሊያንስ ሲያስተምሩ ከባለቤታቸው ከግዌን ጋር ተገናኙ፤ እሳቸውም የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። በ1996 ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ሚኒሶታ መጥተው ማንኬቶ ዌስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። መልስ ሰጪው አንድ ነገር አጥብቆ ያሳስባል፦ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በ1999 የክፍለ ግዛቱን ዋንጫ ሲያነሣ ዎልዝ ዋና አሠልጣኝ አልነበሩም፤ የመከላከሉን ክፍል የሚመሩ ረዳት አሠልጣኝ ነበሩ።

2ኛ መልስ፦ ይህችኛዋ የመነሻውን ሐሳብ ከሥሩ ትነቅላለች። ተማሪና ወላጅ በቂ ነበሩ ለሚለው ያቀረበችው መልስ ስሌት ነው። በ2006 ዎልዝ የተወዳደሩበት 1ኛው የኮንግረስ ወረዳ የሚኒሶታን ደቡባዊ ጠርዝ ከሳውዝ ዳኮታ ድንበር እስከ ዊስኮንሲን ያካልላል። ማንኬቶ በውስጡ አንድ ከተማ ብቻ ናት፤ የማዮ ክሊኒክ መቀመጫ ሮቼስተር ትበልጣታለች። በዚያ ምርጫ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል። አንድ መምህር በአሥር ዓመት ያስተማራቸው ልጆች ከነወላጆቻቸው ቢቆጠሩ ከዚህ ውስጥ ጠብታ ናቸው። ለእሷ ቁልፉ ዎልዝ በ2005 የወሰዱት ሥልጠና ነው፦ በሴናተር ፖል ዌልስቶን ስም የተቋቋመው፣ ቅዳሜና እሑድን ይዞ ለሦስት ቀን የሚሰጠው የዘመቻ ካምፕ። እዚያ ሰው የሚማረው የመራጭ ዝርዝር አያያዝን፣ በር የማንኳኳት ስልትን፣ ለአሸናፊነት የሚያስፈልገውን ድምፅ ቀድሞ ማስላትን፣ ገንዘብ አጠያየቅን ነው። ከአሠልጣኞቹ አንዷ ፔጊ ፍላናገን ነበሩ፤ ከ13 ዓመት በኋላ የዎልዝ ምክትል አገረ ገዥ ሆነው አብረው ተመረጡ። የ2006ቱ ተሸናፊ ጊል ጉትክኔክት ስድስት ጊዜ የተመረጡ ሰው ናቸው፤ ከ12 ዓመት በላይ አልቆይም ያሉትን ቃል አጥፈው እንደገና መወዳደራቸውና የኢራቅ ጦርነት ያመጣው ቁጣም አግዟል። ውጤቱ 53 ለ47 በመቶ።

መምህርነት የሚሰጠው ነገር የለም ማለቷ ግን አይደለም። ክፍል ፊት ቆሞ መናገርን የለመደ ሰው ማይክ አያስፈራውም፤ የሰው ስምም ቶሎ ይይዛል። ድምፅ የሚቆጠረው ግን በዝርዝር ነው ስትል ትደመድማለች። ከክሩ ሁሉ ይህ መልስ መሠረቱን የጣለ ይመስለኛል።

3ኛ መልስ፦ 24 ዓመት ብሔራዊ ዘብ ማገልገላቸው ከመምህርነቱ እኩል ይመዘናል ይላል፤ ገጠሩን የከፈተላቸው ወታደርነቱ ነው፤ ኮንግረስ ከገቡት የበታች ሹማምንት ሁሉ ከፍተኛውን ማዕረግ የያዙ እሳቸው ናቸው።

4ኛ መልስ፦ እዚህ ላይ ድምፁ ይከርራል። ጸሐፊው ማዕረግ ያለ ማስረጃ አይጻፍም ብሎ 3ኛውን ይገሥጻል። ዎልዝ የኮማንድ ሳርጀንት ሜጀርነቱን ሥራ ይዘው ነበር፤ ነገር ግን ማዕረጉ የሚጠይቀውን የሳርጀንት ሜጀር ትምህርት ስላልጨረሱ በጡረታ መዝገብ የሰፈሩት በማስተር ሳርጀንት ነው። በ2005 ለኮንግረስ ሊወዳደሩ ከሠራዊቱ ወጡ፤ ሻለቃቸው ከዚያ በኋላ ለኢራቅ ዘመተ። ይህን ሳይናገሩ ስለ ወታደርነታቸው ማውራት መራጩን ማሳሳት ነው ይላል።

5ኛ መልስ፦ ሁለቱንም ያስታርቃል። ሥራውን መያዛቸውም እውነት፣ ጡረታው በዝቅተኛው ማዕረግ መሆኑም እውነት። የዘመቻ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ማገልገልና ጡረታ መውጣት የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት እንደሚገባ ያሳስባል፤ ዎልዝን በ2024 ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ሲቀርቡ የተከተላቸው ክርክር የተነሣው ከዚህች ልዩነት ነውና።

6ኛ መልስ፦ ወደ መማሪያ ክፍሉ የመለሰን ይህ ነው። ዎልዝ በ1993 አሊያንስ ውስጥ ስለ ዘር ማጥፋት አንድ ትምህርት አዘጋጁ። ተማሪዎቹ ከናዚው እልቂትና ከሌሎች ተነሥተው ምን ምን ምልክት እንደሚቀድም ለዩ፦ የኢኮኖሚ ድቀት፣ የቅኝ አገዛዝ ውርስ፣ የምግብ እጥረት፣ በአንድ ወገን ላይ የተከማቸ ጥላቻ። ከዚያ የወቅቱን የዓለም ካርታ ይዘው ቀጣዩ የት ሊሆን እንደሚችል ተነበዩ፤ ሩዋንዳን መረጡ። በ1994 ሆነ። መልስ ሰጪው ምንም አልጨመረበትም፤ መጨመርም አያስፈልግም። ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣ አንባቢ ከዋንጫው ወሬ ይልቅ ይህ ክፍለ ጊዜ ይከብዳል።

7ኛ መልስ፦ ጥያቄው ስለ ክፍለ ግዛት ፖለቲካ ሆኖ ሳለ ሁሉም ስለ ዋሽንግተን እያወራ ነው ብሎ በትሕትና ያርማል። ኮንግረስ የፌደራል ነው። ዎልዝ በ2016 ትራምፕ በሰፊ ልዩነት ባሸነፉበት በዚያው ወረዳ ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ነው የተረፉት። በ2018 ወንበሩን ለቀው ወደ ክፍለ ግዛቱ ዞሩ፤ ወንበሩን ሪፐብሊካኑ ጂም ሃገዶርን ወሰዱት።

የሚኒሶታ ዴሞክራቶች ዲኤፍኤል ይባላሉ፤ የዴሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ማለት ነው። የፓርቲውን ይፋ ድጋፍ ለማግኘት በጉባኤ 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። በጁን 2018 የሮቼስተሩ ጉባኤ ድጋፉን የሰጠው ለዎልዝ ሳይሆን ነርስ ለነበሩት ኤሪን መርፊ ነው። ዎልዝ ግን የፓርቲው ዕጩ በመራጭ ድምፅ እስከሚለይበት እስከ ኦገስት 14 ቅድመ ምርጫ ቀጠሉ፤ 41.6 በመቶ አገኙ፣ መርፊ 32፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሎሪ ስዋንሰን ወደ 25። በኖቬምበር ሪፐብሊካኑን ጄፍ ጆንሰንን 53.8 ለ42.4 ረቱ።

8ኛ መልስ፦ ጉባኤው ያልደገፈው ሰው የሚያሸንፍ ከሆነ የጉባኤው ድካም ምን ይጠቅማል የሚል አጭር ጥያቄ ነው።

9ኛ መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው ብላ በሰፊው ትመልሳለች። ድጋፍ ያገኘ ተወዳዳሪ የፓርቲውን የመራጭ መረጃ ቋት፣ የበጎ ፈቃደኛ ኃይልና በየቤቱ በሚላከው የናሙና ድምፅ መስጫ ላይ ስሙን ያገኛል። ለአገረ ገዥነት ብዙ ገንዘብና የታወቀ ስም ያለው ሰው ይህን በቅድመ ምርጫ ሊሻገረው ይችላል። ከዎልዝ በፊት አገረ ገዥ የነበሩት ማርክ ዴይተንም በ2010 ጉባኤው ማርጋሬት አንደርሰን ኬሊየርን ከደገፈ በኋላ አሸንፈዋል። (ዴይተንም በወጣትነታቸው ኒው ዮርክ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ ስለዚህ ዎልዝ ወንበሩን የተረከቡት ከቀድሞ መምህር ነው።) ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ወንበር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በቅድመ ምርጫው የሚሰጠው ድምፅ ጥቂት ሺ ብቻ ስለሚሆን የፓርቲው ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ሚኒሶታ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ በቅድመ ምርጫ ግን ከአንዱ ፓርቲ ዓምድ ወደ ሌላው ዘሎ ምልክት ያደረገ ሰው በዚያ ክፍል የሰጠው ድምፅ ይሰረዛል። በአዳዲስ ዜጎች ዘንድ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

10ኛ መልስ፦ ክሩ ውስጥ ረጅሙ ነው፤ ርእሱ 2023 ነው። በ2022 ምርጫ ዲኤፍኤል ሴኔቱን 34 ለ33፣ የተወካዮች ምክር ቤቱን 70 ለ64 ያዘ። ወደ 17.5 ቢሊዮን ዶላር የበጀት ትርፍ ተቀምጦ ነበር። ሴኔቱ ውስጥ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቢያኮርፍ ሕግ ይወድቃል፤ በዚያች አንድ ድምፅ የወጣው ሕግ ግን ብዙ ነው። ለትምህርት ቤቶች በአንድ ተማሪ የሚሰላው መሠረታዊ በጀት ከ6,863 ዶላር በ4 በመቶ አድጎ 7,138 ሆነ፤ በዓመቱ በ2 በመቶ 7,281። ከዚያ ወዲያ ከዋጋ ንረት ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ እንዲያድግ ታሰረ። መልስ ሰጪው መምህርነታቸው የታየው እዚህ ነው ይላል፤ በየሁለት ዓመቱ ለጭማሪ መለመን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ቀመሩን ከንረት ጋር የሚያስረው።

ስለ ነፃ የትምህርት ቤት ምግብ የሰጠው ማብራሪያ ለወላጆች ይጠቅማል። ሕጉ የተፈረመው በማርች 2023 ነው። የሚሸፈነው በቀን አንድ ቁርስና አንድ ምሳ ነው፤ ሁለተኛ ምሳ ይከፈልበታል፤ ምሳውን ከቤት ይዞ ወተት ብቻ የሚወስድ ልጅም ለወተቱ ይከፍላል። ወላጆች ምግቡ ነፃ ከሆነ ብለው የገቢ ቅጹን መሙላት ተዉ። ጥፋቱ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚያገኘው ተጨማሪ በጀት ከዚያ ቅጽ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቅጹ ካልተሞላ ልጁ ይበላል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ረዳት መምህር ይጎድልበታል።

11ኛ መልስ፦ ይህ ሁሉ ውዳሴ ሌብነቱን ይሸፍናል ብሎ ይቆጣል። ሕፃናትን ለመመገብ የተባለ ገንዘብ በዎልዝ አስተዳደር ዘመን መዘረፉን አንሥቶ፣ የምግብ ፕሮግራሙን ያመሰገኑትን በሙሉ አላዋቂ ይላቸዋል።

12ኛ መልስ፦ ስድቡን ትቶ ነገሩን ይለያል። የተዘረፈው ነፃው የትምህርት ቤት ምግብ አይደለም። በወረርሽኙ ጊዜ ፊዲንግ አወር ፊውቸር በተባለው ድርጅት በኩል ያለፈው የፌደራል የሕፃናት ምግብ ገንዘብ ነው፤ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ 47 ሰዎችን ሲከስስ መጠኑን 250 ሚሊዮን ዶላር ብሎታል። አሠራሩም ቀላል ነበር፦ በወረርሽኙ ምክንያት በአካል ሄዶ መመርመር ሲላላ፣ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት በቀን ሺዎች ልጆች መገብኩ ብሎ የስም ዝርዝር ይልካል፤ አማካዩ ድርጅት ያጸድቃል፤ ገንዘቡ ይለቀቃል። ነገር ግን 11ኛው ከሥሩ አልተሳሳተም ይላል። ገንዘቡን ያስተዳድር የነበረው የክፍለ ግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሕግ አውጪው ኦዲተር በጁን 2024 ባወጣው ሪፖርት መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ እየደረሰው ቁጥጥሩ በቂ እንዳልነበረ ገልጿል። የቀድሞ መምህር የሚመራው አስተዳደር በትምህርት መሥሪያ ቤቱ መወቀሱ ከባድ ነው። ዎልዝ በጃንዋሪ 2026 ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም ያሉትም የማጭበርበሩ ጉዳይ በበረታበት ሰዓት ነው። 10ኛው ይህን ሳይጠቅስ ማለፉ ጉድለት ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

13ኛ መልስ፦ የጥቂቶች ወንጀል በአንድ ማኅበረሰብ ሁሉ ላይ እንዳይለጠፍ በጠንካራ ቃል ታስጠነቅቃለች፤ ስሜት ሳይሆን መረጃ ይዘን እንከራከር ትላለች።

14ኛ መልስ፦ ወደ ሹፌሮች ይዞራል፤ እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ሰው አለበት። ዎልዝ አገረ ገዥ ከሆኑ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቪቶ (ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ የመሻር ሥልጣን) የተጠቀሙት በሜይ 2023 የኡበርና የሊፍት ሹፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ በሚወስነው ሕግ ላይ ነው። የሠራተኛ ወዳጅ የሚባል ሰው ቪቶውን በሹፌር ላይ መጀመሩ አይረሳም ይላል።

15ኛ መልስ፦ ታሪኩ በቪቶው አላበቃም ብላ ቁጥሮቹን ትደረድራለች። የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት በ2024 ለማይል 1.40 ዶላር፣ ለደቂቃ 51 ሳንቲም ወሰነ፤ የከንቲባውን ቪቶም ሻረ። ኩባንያዎቹ ከተማዋን እንለቃለን አሉ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ዎልዝ የፈረሙት የክፍለ ግዛት ሕግ 1.28 ዶላር በማይል፣ 31 ሳንቲም በደቂቃ አደረገውና የከተማውን ደንብ ተካ። በስሌት አስረድታለች፦ 10 ማይልና 20 ደቂቃ የፈጀ ጉዞ በከተማው ደንብ 24.20 ዶላር ይሆን ነበር፤ በክፍለ ግዛቱ ሕግ 19 ዶላር ነው። ያተረፈውም የከሰረውም እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ቢሆንም ሕጉ ከከተማዋ ውጪ ለሚነዳውም ወለል አበጀለት።

16ኛ መልስ፦ ርእሱ ወደ አገር ቤት ይሸሻል። ጂኦግራፊ መምህርና ፖለቲካ ሲባል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ማንሣት ግድ ነው ይላል፤ ኢሰመጉን የመሠረቱት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫም ከቅንጅት ጋር የቆሙት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባዮሎጂ ያስተማሩትን ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስንና የኢኮኖሚክስ መምህሩን ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን ጨምሯል። ከዚያ የተከተለው ጭቅጭቅ እስከ 19ኛው መልስ ደርሷል፤ ከሚኒሶታ ጋር አይገናኝምና አልፈዋለሁ።

20ኛ መልስ፦ ጠያቂው ያነሣውና እስካሁን ያልተመለሰው የመጨረሻ ጉዳይ፣ ሐበሻ መምህር ቢወዳደር ምን ያስፈልገዋል የሚለው፣ እዚህ መልስ አገኘ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 67 ሴናተሮችና 134 ተወካዮች አሉት፤ እያንዳንዱ የሴኔት ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ተወካይ ይልካል። ተወዳዳሪው ዜጋ፣ 21 ዓመት የሞላው፣ በሚኒሶታ አንድ ዓመት፣ በወረዳው ደግሞ ከምርጫው በፊት ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። በትውልድ ዜጋ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዝዳንትነትና ለምክትሉ እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ለአገረ ገዥነትም አይደለም። ብዙዎች የሚወድቁት በስድስት ወሩ ነው፦ ቤት ገዝተው በበጋ ይዛወራሉ፣ አዲሱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። የማመልከቻው ክፍያ 100 ዶላር ነው፤ ጊዜው በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ብቻ። ከ750 ዶላር በላይ ያሰባሰበ ወይም ያወጣ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የዘመቻ ኮሚቴውን ካላስመዘገበ ቅጣት ይከተለዋል። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰብ መዋጮ ስምና አድራሻ ስለማይያዝለት ሪፖርት ሲደረግ ችግር ያመጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መዋጮ መስጠትና በር ማንኳኳት ይችላል፤ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም፣ አንድ ጊዜ በስሕተት የሰጠ ዜግነት የማግኘት ዕድሉን ሊያጣው ይችላል። የክፍለ ግዛቱ የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ለፈረመ ተወዳዳሪ የሰጠ መራጭ በዓመት እስከ 75 ዶላር፣ ባልና ሚስት እስከ 150 ዶላር ከክፍለ ግዛቱ ይመለስላቸዋል፤ ዘመቻው የደረሰኝ ቅጹን ካልሰጣቸው ግን አይመለስም።

21ኛ መልስ፦ መምህሩ ሥራውን ያጣል ወይ ለሚለው ስጋት መልስ ሰጥታለች። ምክር ቤቱ ከጃንዋሪ ወይም ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ይሰበሰባል፤ ይህ የትምህርት ዓመቱን ግማሽ ይበላል። የሚኒሶታ ሕግ ግን ተመርጦ ምክር ቤት የገባ መምህር ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲወስድና ቦታው እንዲጠበቅለት ያዛል። የምክር ቤት አባል ደመወዝ 51,750 ዶላር ነው፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ መምህር ከሚያገኘው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰብ አስቀድሞ ይምከርበት ትላለች። የትምህርት ቤት ኢሜይል፣ ኮፒ ማሽን፣ የወላጆች ስልክ ዝርዝር ለዘመቻ አይነካም፤ አዳዲስ ተወዳዳሪ መምህራንን ከዘመቻው በፊት ከአለቃቸው ጋር የሚያጋጨው ይህ ነው።

22ኛ መልስ፦ 20ኛውን ያሟላል። ከማመልከቻው በፊት የሚመጣው ኮከስ፣ ማለትም ፓርቲው በየምርጫ ቀጣናው የሚያደርገው የጎረቤቶች ስብሰባ ነው፤ ፕሬዝዳንት በማይመረጥበት የምርጫ ዓመት በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ በ7 ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት ይጀምራል። በዚያ ምሽት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ6 ሰዓት በኋላ ዝግጅት እንዳያደርጉ ሕግ ይከለክላል፤ ስለዚህ መምህሩ የወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ የሚል ምክንያት አይኖረውም። በብዙ ቀጣናዎች የሚመጣው ሰው ከወኪል ቦታው ያንሳል፤ እጅ ያወጣ ሰው ለወረዳው ጉባኤ ወኪል ይሆናል። ለምክር ቤት ወንበር የፓርቲውን ድጋፍ የሚሰጡት እነዚያ ወኪሎች ናቸው። አሥር ጎረቤቶቹን ከየቀጣናቸው ያስመዘገበ ተወዳዳሪ ለጉባኤው አሥር ድምፅ ይዞ ይገባል።

23ኛ መልስ፦ ጠያቂው ተመልሶ መጣ። ተማሪና ወላጅ ብቻ በቂ ነው ያለውን በ2ኛዋ ስሌት መሠረት ማንሣቱን ጽፎ አመሰገነ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለኮከሱ እንዴት ይወጣል?

24ኛ መልስ፦ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት በጽሑፍ ለአሠሪ ማሳወቅ ይበቃል ይላል፤ አሠሪው መከልከልም መቅጣትም አይችልም፣ የቀረበትን ሰዓት ክፍያ ግን ሊቀንስ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ስም፣ የፈረቃው ቀንና ሰዓት፣ በፓርቲው ኮከስ ለመገኘት መሆኑ፣ ፊርማ፣ ደብዳቤው የተሰጠበት ቀን ይሰፍራሉ። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በአንደኛው ላይ ሱፐርቫይዘሩ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርም፣ ቅጂው ከሠራተኛው ዘንድ ይቀመጥ።